የቅዱስ ፍራንሲስኮ መቀነት እና የመንደራችን ላሞች

ኦገስት 9

ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ በተለይም ለራሴ፣ በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፤ የቅዱስ ፍራንሲስኮ መቀነት ዛሬ ጠዋት ተበልቷል።

ነጭ የጥጥ መቀነት ነበር፤ ሦስት ቋጠሮ ያለው፤ ሟች አክስቴ በእጇ የፈተለችው። ትናንት ለዝናብ ምሕላ የቅዱሱን ምስል ወደ ቤተ ጸሎቱ በረንዳ አውጥተን ነበር፤ ሰማዩን በገዛ ዓይኑ አይቶ ይፍረድ ብለን። ሲነጋ ቅዱሱ መቀነቱን ተገፎ፣ ቀሚሱ ተንዘርፎ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የአበልጄ የቶሪቢዮ ፖይቼ ላም ተኝታ ታመሰኳለች።

ሸንጎው ወዲያው ተቀመጠ። ቶሪቢዮ ላም ሁልጊዜም እንደምታመሰኳ፣ ማመስኳት ወንጀል ከሆነ የመንደሩ ከብት በሙሉ መታሰር እንዳለበት ተከራከረ። ጥሩ ክርክር ነበር። ተፈረደበት። መቀነት የበላች ላም ለባለ መቀነቱ ትሁን ተባለና እኔ ተረከብኳት፤ የቅዱሱ ከብቶች መጋቢ እኔ ፕላሲዶ ቹቬ ነኝና። እስከ ዛሬ «የቅዱሱ ከብቶች» ማለት አንድ ኮርማ ነበር፤ ጳጳሱ ይባላል፤ ለኦክቶበር አራቱ በዓል የሚታረድ። አሁን ሁለት ሆኑ። ሹመቴ በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ።

ቶሪቢዮ እያለቀሰ ወጣ። ማንጎው ዛፍ ጋ ሲደርስ ግን ሲያፏጭ ሰማሁት።

ኦገስት 12

ቸኩያለሁ። የመንደሩ ኩሬ አለቀ። ጭቃ ቀርቶ ነበር፤ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጠቀ። ጉድጓዱ ለሰው ብቻ ተብሏል። ጠዋት ከድካም የተኙ ላሞችን ስናነሳ ዋልን፤ ሁለት ሰው ከዳሌ፣ አንድ ሰው ከጭራ። ጭራው በሹመት የኔ ነው።

ሬይና አልወደቀችም። ሬይና የኔና የባለቤቴ የፔትሮና ላም ናት። ሌላ የለንም። መንደሩ በሙሉ ነጭ ከብት ሲያረባ የኛዋ ብቻ ቀይ ናት። ከብዳለች። እሷ ከወደቀች ለመጪው ዓመት ወተት የለም፣ ጥጃ የለም፣ በቤቴ ውስጥም ሰላም የለም።

የዕቃ እጣቢ እሰጣታለሁ። የሞታኩ ዘንባባ ቅጠል ቆርጬ እሰጣታለሁ። ፔትሮና በበኩሏ ከምሕላው ማግስት ጀምራ በየምሽቱ ኖቬና ይዛለች፤ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ነው። ሁለታችንም የምንችለውን እናደርጋለን።

ኦገስት 15

በአገራችን ደንብ የቅዱሱ ከብት አንገቱ ላይ ባለ ሦስት ቋጠሮ ገመድ ያስራል። ያን ገመድ ያሰረ ከብት የፈለገው ሣር ላይ ይግጣል፣ የፈለገው ውሃ ላይ ይጠጣል፤ ከልክሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ከጎናችን ያለው ትልቁ እርባታ ሐይቅ የሚያህል ኩሬ አለው፤ አጥርና በርም አለው። ባለቤቱ የሚኖረው ሳንታ ክሩስ ከተማ ነው። የማንም መንደርተኛ ከብት እንዳይገባ ብሎ አለቃውን ዊልማርን በር ላይ አቁሞታል።

ዛሬ ጳጳሱንና የቶሪቢዮን ላም ነድቼ ሄድኩ። ዊልማር ቋጠሮዎቹን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በሩን ከፈተ። «ለባለቤትዎ ሰላምታ አድርሱልኝ፤» አለኝ። «የማሳኮ ሙያዋ ልዩ ነው።» ፔትሮና ሙዝ ከደረቅ ሥጋ ጋር ወቅጣ የምትሠራው ማሳኮ እውነትም ልዩ ነው። ይህ ሰው የት እንደቀመሰው ግን አልገባኝም። ዝናዋ አጥር ዘልሎ ይሆናል።

የቶሪቢዮ ላም አንገቷን ቀብራ ጠጣች። ከአጥሩ ማዶ መንደሩ በሙሉ ተደርድሮ ያያል።  የሚያስቡ ሰዎች አስተያየት ነበር። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ኦገስት 18

ሕዝቤ ይህን ያህል መንፈሳዊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከንጋት ጀምሮ የቤቴ በር ይንኳኳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለቅዱሱ ስለት አለባት፤ አንድ ላም። ግንበኛው ስለት አለበት፤ አንድ ላምና አንድ ወይፈን። ደወል ደዋዩ በሕልሙ ታዝዞ ነው የመጣው፤ ቅዱሱ ላሚቱን በስሟ ጠርቶ ጠየቀኝ ይላል። ማንም የቆመች ላም አልተሳለም። የሚሳሉት የተኛችውን ነው። የተሳለችው የቅዱሱ ከሆነች ጭራዋን የሚያነሳ መጋቢው ነው፤ ቅጠል የሚቆርጥላት መጋቢው ነው፤ ከሞተችም የቅዱሱ ፈቃድ ነው። አንዷ ከነስለቷ ደጃፌ ላይ ወደቀችና ሰውየው ገመዷን ደረቴ ላይ ጥሎ፣ «እንግዲህ የናንተ ናት፤» ብሎኝ ሄደ። «የናንተ» ያለው እኔንና ቅዱሱን መሆኑ ነው።

ማታ ፔትሮና እግሬን በጨው ውሃ እያጠበችልኝ፣ «ሬይናንስ?» አለች።

የመጋቢ ከብት ወደ ቅዱሱ መንጋ እንደማይገባ በትዕግሥት አስረዳኋት። ደንቡን ያወጣው የገዛ አያቴ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው መጋቢ ዘመኑን ሲጨርስ የቅዱሱ ከብቶች ሁሉ ቅዱሱን ትተው እሱን ይከተሉ ስለነበር ነው ያወጣው።

«አያትህ ሞቷል፤» አለች ፔትሮና። «ሬይና ግን ገና ናት።»

ደንብ ደንብ ነው አልኳት። ጥሩ አድርጌ ነው ያልኩት፤ እጄንም አንስቼ ነበር። እሷ እግሬን አደራርቃ፣ «እንግዲያው ኖቬናዬን እቀጥላለሁ፤» አለችና ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ኦገስት 27

ኖቬና ዘጠኝ ቀን ነው ብዬ ነበር የማውቀው። የፔትሮና ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የነገረ መለኮት ሰው ስላልሆንኩ አልከራከርም።

ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ነው። በመንደራችን ጭቃ ከታየ ሰንብቷል። ተንበርክካ ብዙ ታለቅስ ይሆናል።

ትናንት ያስቀመጥነው ማሳኮ ደግሞ የለም። ጸሎት ያስርባል አለችኝ።

ሬይና አምሮባታል። ጎድኗ አይታይም። ግንበኛው አስቁሞኝ ምን እንደማበላት ጠየቀኝ። በጤዛና በመልካም አያያዝ ነው አልኩት። ሰውየው ሰማዩን አየ፣ ሬይናን አየ፣ እኔን አየ። ሥራ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

ሴፕቴምበር 5

ቅዱሱ ሀብታም ሆኗል። እኔ ከስቻለሁ። ሱሪዬን በሲባጎ አስሬዋለሁ፤ ፔትሮና ሦስት ቋጠሮ እንዳላደርግበት አስጠንቅቃኛለች፤ ዊልማር ውሃ ያጠጣሃል ብላ።

የእርባታው ጌታ ስልክ ደውሎ ቅዱሱ ስንት ከብት እንዳለው ጠይቋል አሉ። ዊልማር ቅዱሱ ዘንድሮ እንደቀናው ነግሮታል። ጌታው ከእንግዲህ ገመድ የሌለው አንድም ከብት እንዳይገባ፣ ገመድ ያለውም ቋጠሮው ይቆጠር ብሏል።

ሱቅ በር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ፕላሲዶ ምን ነካው፣ ከላሞቹ በፊት እሱ ሊሄድ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ምስኪን ደግ ሰው መሆኔን፣ ምንም እንደማላውቅ ነገረቻት። ስለ ምን እንደማላውቅ አልሰማሁም፤ ጋሪ አለፈ።

ሴፕቴምበር 14

ጭስ። የሰሜን ነፋስ። ጭሱ ሩቅ ነው ይላሉ። ወፎቹ ግን ሩቅ አይደለም ብለው ነው መሰል እየሄዱ ነው።

ሸንጎው አጥሮች ሁሉ እንዲከፈቱ፣ ከብት እንዳይታሰር አዟል። ቅጠል ልንጠርግ ወጥተናል። ሬይና በረት ውስጥ ናት። በሩን ከፍቼላታለሁ። ቆማ ታየኛለች።

ሴፕቴምበር 16

አሁን ቁጭ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ቅንድቤ የለም፤ የተቀረው አለ።

ትናንት እሳቱ እንዳይሻገር በመንደሩና በግጦሹ መካከል መሬቱን ጠርገን፣ አንዲት ሰንበሌጥ ሳናስቀር፣ ባዶ አድርገነው ነበር። ሥራችንን ቆመን አደነቅን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረና የነደደ የዘንባባ ቅጠል በራሳችን ላይ በርሮ ከኋላችን ወደቀ። ለከብት የቀረው መሸሻ የእርባታው ኩሬ ብቻ ነበር፤ ዙሪያው ሰፊ ጭቃ ስለሆነ የሚነድ ነገር የለውም። የተሳለውም ያልተሳለውም ከብት በሩ ላይ ተፋፈገ።

ዊልማር ልቡ ደግ ነው። ስልኩ ነው ክፉ። ጌታው ከስልኩ ውስጥ ይጮሃል። «ዶን ፕላሲዶ፣ ገመድ ያለው ብቻ ብለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ፤ እንጀራዬ ነው፤» አለኝ። ይህን ሲለኝ ራሱም ያፈረ ይመስል ነበር።

ቶሪቢዮ ይህን ሰምቶ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ የሚተኛበትን ተንጠልጣይ የገመድ አልጋ በቆንጨራ ቆራርጦ በትከሻው ተሸክሟል። ሦስት ቋጠሮ፣ አንገት ላይ፣ ቀጣይዋ። ያን ጊዜ መንደሩ ገባው። የልብስ ማስጫ ገመድ መጣ፣ የባልዲ ገመድ መጣ፣ የጫማ ክር መጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን አዙራ ከቀሚሷ ሥር አንድ ማሰሪያ ፈትታ ሰጠች፤ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፣ ጥሩ ገመድ ግን ነበር። ደወል ደዋዩ የደወሉን ገመድ አመጣ። መንደሬ ያለውን ከብት ሁሉ፣ የቆመውንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ተሳለ።

ዊልማር እያሳለ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ቋጠሮ ይቆጥራል። አንዲት ጊደር ባለ ሁለት ቋጠሮ ብትመጣ መልሷት ሦስተኛውን በገዛ እጁ ቋጠረላት። ከዚያ የቶሪቢዮ ዐሳማ ገመዷን አድርጋ መጣች። ዊልማር ትንሽ አሰበ።

«ቅዱሱ ዐሳማም አለው?»

«ዘንድሮ ጀመረ፤» አለ ቶሪቢዮ። ዐሳማዋ አለፈች።

በመጨረሻ ከበሩ ውጭ የቀረነው እኔና ሬይና ነበርን። መንደሩ በሙሉ ከውስጥ ሆኖ ያየናል። የመጋቢ ከብት ወደ ቅዱሱ መንጋ አይገባም፤ አያቴ ነው ያወጣው፤ እኔም ይህንኑ ለመንደሩ ዓመት ዓመት በበዓሉ ቀን ቆሜ አነባለሁ። እጄ ላይ ቁራጭ ገመድ ነበር። ቋጠርኩ፣ ፈታሁ። ቋጠርኩ፣ ፈታሁ። እሳቱ ጆሮዬን ይለበልበኛል። ሬይና ገመዱን አሸተተችና ፊቷን አዞረች፤ የምታውቀው ዓይነት አልነበረም።

ፔትሮና ከውስጥ ሆና፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ፕላሲዶ፣ ልቀቃት። መንገዱን ታውቀዋለች፤» አለች።

ለቀቅኳት። ሬይና አልሮጠችም። በሩን አለፈች፣ የተጨናነቀውን ከብት በጎን አለፈች፣ ከኩሬው ዳር ካለው ጎባጣ ዛፍ ሥር ሄዳ እንደ ቤቷ ቆመች። ዊልማር የባርኔጣውን ጫፍ ነካ አደረገ። «ሬይና፣ ዛሬ ቀደም ብለሽ መጣሽ፤» አላት።

ስሟን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም። ጭስ ነበር።

እስኪመሽ ድረስ እስከ ወገባችን ጭቃ ውስጥ ቆምን፤ እኛ፣ ላሞቹ፣ የእርባታውም ከብት። የዊልማር ስልክ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጌታው እዚያው ሰጠመ። ከዚያ በኋላ ዊልማር አፍሮ አንድ ገመድ ለመነንና በቅሎው አንገት ላይ አሰረ። ቀሪውን ለራሱ አደረገው።

ሴፕቴምበር 20

የጠፋው፤ አጥር፣ የቶሪቢዮ መኖ፣ የቤተ ጸሎቱ ጣሪያ ግማሹ። ቅዱሱን ፔትሮና አስቀድማ እንደ ሕፃን ታቅፋ አውጥታዋለች። ከመንደሩ ከብት አንድም አልተቃጠለም።

ሸንጎው እሳቱ ከየት እንደመጣ አጣራ። ከሰሜን እንደመጣ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። ሰሜን በኩል እርሻውን ለዘር ያቃጠለ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም ጫማውን አየ። ስብሰባው ተበተነ።

ሴፕቴምበር 26

በአጭሩ እጽፋለሁ።

በዓሉ ደርሷል። ጳጳሱ ቆዳና አጥንት ነው፤ ለራሱም አይበቃ። መጋበዝ ያለበት እንግዳ ከሦስት መንደር ይመጣል። በመንደሩ ሥጋ ያላት ከብት አንድ ብቻ ናት። ያለ ገመድ በቅዱሱ በር ገብታለችና፣ የቅዱሱን ውሃ ጠጥታለችና የቅዱሱ ናት፤ የቅዱሱ ከሆነች ለበዓሉ ትታረድ አለ ግንበኛው። ሸንጎው በኦክቶበር ሦስት ይወስናል። ክርክሩን በአያቴ ደንብ ደገፈው፤ የመጋቢ ከብት ወደ ቅዱሱ መንጋ ካልገባ፣ የገባችው የመጋቢው አይደለችም ብሎ። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል፤ ዓመት ዓመት ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ከብዳለች አልኩ። ቅዱሱ ለሁለቱም ያውቃል አለኝ።

ጤዛ እንዳልል አፌን ያዝኩ።

ሴፕቴምበር 29

ፔትሮናን ምን እንደምናደርግ ጠየቅኋት። ሬይናን እያሻሸች ነበር። «አንተ ደንብህን ያዝ። እኔ ኖቬናዬን ልጨርስ፤» አለች።

ኦክቶበር 2

ዘነበ። ሌላ የምጽፈው የለም። በጎደለው ጣሪያ በኩል ዘነበበት ቅዱሱ፤ ማንም ሊያነሳው አልፈለገም፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ከዝናቡ ጋር መንደርተኛው ስለቱን ረሳ። ዛሬ ከሰዓት ብቻ ሁሉም እየመጣ «ላሜን» አለ። ትናንት «ላምህን» ይሉኝ ነበር።

ኦክቶበር 3

ሸንጎው ተቀመጠ። ግንበኛው ቢላውን ስሎ ነው የመጣው፤ ለእርሳስ መቅረጫ ነው አለ።

መጋቢ እንደመሆኔ ደንቡን እንዳነብ ታዘዝኩ። አነበብኩ።  ሬይና በመስኮት ትታየኛለች፤ እርጥብ ሣር ነጭታ ቆማለች።

ፔትሮና ተነሳች። ከቀሚሷ ውስጥ አንድ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቅዱሱ መቀነት ነበር። ሦስቱም ቋጠሮ አለ። ጭቃ አለበት። በየቋጠሮው ውስጥ ቀይ ጠጉር ገብቷል።

«ቅዱሱን በምሕላው ማታ ለመንኩት፤» አለች። «ሰማይ ሰማዩን ያያል። እምቢ አላለም። ፈታሁት። በየምሽቱ ላሜን በገዛ መቀነቱ አስሬ አጠጣኋት። ባሌ አያውቅም፤ አያውቅም ስላችሁ፣ እሱን ታውቁታላችሁ። አሁን የቅዱስ ፍራንሲስኮ መቀነት የታጠቀችን ላም የሚያርድ ወንድ ካለ ይነሳ።»

ግንበኛው ቢላውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እርሳስም አልቀረጸም።

ቶሪቢዮ ነው ቀስ ብሎ የተነሳው። መቀነቱን አንስቶ አሸተተ። «እንግዲያው ላሜ አልበላችውም፤» አለ።

 ሁሉም አንድ ነገር እያሰበ ነበር፤ ያቺ ላም በሐሰት ባይፈረድባት ኖሮ ማንም ስለት የሚባለውን ነገር አያስታውስም ነበር፤ ማንም ስለቱን ባያስታውስ ደግሞ ስንቱ ላም ዛሬ አይኖርም። ንጹሕ ላም ወንጅለን ነው የዳንነው።

«ካሳ ይገባኛል፤» አለ ቶሪቢዮ። «ስሟ ጠፍቷል። ኮርማ እንኳ አያያትም።»

ፔትሮና የሬይናን ጥጃ ሰጠችው፤ ገና ያልተወለደውን። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጭንቅላቴን ግን ነቀነቅሁ፤ በደንብ ነቀነቅሁ።

ስለ ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ተወሰነ፤ ቅዱሱ ከብቶቹን ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው በአደራ ይመልሳል። ገመዶቹ አንገታቸው ላይ ይቆዩ፤ የሚመጣውን ዓመት ማንም አያውቅም። የአያቴ ደንብ በክብር ተመስግኖ ተሻረ።

ኦክቶበር 5

በዓሉ ባማረ ሁኔታ ተከበረ። ጳጳሱ በሾርባ መልክ ቀረበ። እንግዶቹ ከሾርባው ውስጥ ፈልገው ሊያገኙት አልቻሉም፤ የበቆሎ ጠላው ቺቻ ግን ብዙ ስለነበር ማንም አጥብቆ አልፈለገም። ዊልማር ሦስት ቋጠሮውን አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ፤ ማሳኮ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት።

ዛሬ ጠዋት ሬይና ወለደች። ሴት ጥጃ ናት፤ እንደ እናቷ ቀይ። ቶሪቢዮ እስክትጠነክር እኛ ዘንድ እንድትቆይ ፈቅዷል። ስም አውጥቶላት ሄደ፤ ኖቬና።

ማረሚያ

በዚህ ደብተር በኦገስት 9 «መቀነቱ ተበልቷል» ተብሎ የተመዘገበው፣ እንዲሁም በኦገስት 27 ስለ ጤዛ የተሰጠው መግለጫ፣ ከእውነት የራቁ ሆነው ስለተገኙ ታርመዋል። መቀነቱ አልተበላም። የቶሪቢዮ ፖይቼ ላም ከማንኛውም ወንጀል ነጻ ናት፤ በዕለቱ ታመሰኳ የነበረው የራሷን ጉዳይ ነው። መቀነቱ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ወደ ቅዱሱ ወገብ ተመልሷል። አሁንም ሬይና ሬይና ይሸታል። ባለ መቀነቱ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ቅሬታ አላቀረበም።

ፕላሲዶ ቹቬ፣ የቅዱሱ ከብቶች መጋቢ
(በአሁኑ ጊዜ ቅዱሱ ከብት የለውም)